የሞተር ክፍል ሰው ቀስ ብሎ ማውራት ሲማር

ኬንያ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር የተከራየነው ቤት ከገባን ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የሕንፃው ጠባቂ፣ ኬርቴከር የሚሉት፣ በራችንን አንኳኳ። ብቻውን አልመጣም፤ ከኋላው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ሴትዮ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሰውየው ባለቤቴን "ማማ፣ ደህና ነሽ ወይ?" ብሎ በስዋሂሊ ጠየቃት። ዓይኑን ግን እኔ ላይ ተክሎታል። ባለቤቴ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ግራ ገብቷት፣ ደህና መሆኗን ነገረችው። ሴትዮዋ አላመነቻትም። በየቀኑ የሚጮህባትን ሰው እንደምትሰማ፣ መፍራት እንደሌለባት፣ ከፈለገች አሁኑኑ አብራት መውጣት እንደምትችል ነገረቻት።

ወላሂ፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ያልኩት ነገር ቢኖር "ወጡ ጨው በዝቶበታል" ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሳቋ መጣባትና የበሩን መቃን ይዛ ተንበረከከች። እኔ ደግሞ ቆሽቴ አረረ። ራሴን ለመከላከል አፌን ስከፍት ጭራሽ ባሰ፤ "ኧረ እኔ ሚስቴን ነክቼ አላውቅም!" ስል ኬርቴከሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በመጨረሻ ያዳነችኝ እሷው ናት። "ባሌ መርከበኛ ነው፤ ጆሮውን ሞተር በልቶታል። ሲቆጣም እንዲህ ነው፣ ሲያመሰግንም እንዲህ ነው" አለቻቸው። ሴትዮዋ አዘነችና "ፖሌ" ብላ ሄደች። አይዞሽ ማለቷ ለሚስቴ ይሁን ለኔ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አሥራ አራት ዓመት ከመርከብ ወለል በታች ሠርቻለሁ። ሰው መርከበኛ መሆኔን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕር ነው። "ባሕር እንዴት ነው? አያስፈራም?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ባሕሩን የሚያዩት ላይ ያሉት ናቸው። እኛ ታች ያለነው ባሕርን የምናውቀው መርከቡ ሲያጋድል በሚንከባለለው መፍቻ፣ በሚደፋው ሻይ፣ በቧንቧ ገብቶ ሞተሩን አቀዝቅዞ በሚወጣው ውሃ ነው። ስንት ወደብ ደርሼ ወደቡን ሳላይ ተመልሻለሁ። ላይኞቹ ፀሐይ ጠብሷቸው ወደ አገራቸው ሲገቡ እኛ ጓዳ ውስጥ እንደከረመ ድንች ገርጥተን እንገባለን። ባሕር ከሌለው አገር ወጥቼ፣ አሥራ አራት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ፣ ባሕር በቅጡ አላየሁም ስላት ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ የት ነበርክ?" ትለኛለች።

የነበርኩት ሙቀት ውስጥ ነው። ኦይለር ይሉናል። ሞተሩን ዘይት ማጠጣት፣ የፈሰሰውን መጥረግ፣ መለኪያውን ማንበብ፣ ከሁሉም በላይ ማዳመጥ የኛ ሥራ ነው። ሦስት ፎቅ የሚያህል ሞተር ሲዞር ከጎንህ ያለው ሰው ጆሮህ ውስጥ ገብቶ ቢጮህ እንኳ አትሰማውም። ስለዚህ ታች የሚወራው በእጅ ነው። ጭንቅላቱን በጣቱ መታ መታ ካደረገ ዋናው መሐንዲስ እየመጣ ነው። ሆዱን ካሻሸ ምግብ ደርሷል። ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ካርገበገበ ፓምፑ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሩጥ! አንድ ሞተር ክፍል ውስጥ የአምስት አገር ሰው ሆነን፣ የማንንም ቋንቋ ሳንማር፣ ወሬ ሳይቀር ስንተማማ ኖረናል። ከዚያ ስንወጣ ደግሞ እንጮሃለን፤ ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ገብተንም እንጮሃለን። አላወቅነውማ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የመጀመሪያ መርከቤ ላይ የነበረ አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የፓምፕ ሙቀት ልለካ መዳፌን ስዘረጋ እጄን መትቶ አወረደው። ቀጥሎ እጄን ገልብጦ በጀርባው በኩል አስነካኝ። ለምን እንደሆነ በእጁ አሳየኝ፤ መዳፍ ያቃጠለውን ነገር ጨብጦ ይቀራል፣ የእጅ ጀርባ ግን ራሱ ይሸሻል። ረጅም ካቻቢቴ ወስዶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አስደገፈና ከብረቱ ውስጥ ያለውን ድምፅ አሰማኝ። ሌላው ትምህርት ግን በእግር የሚገባ ነበር፤ ወለሉ የሚነግርህን በጫማህ ሥር መስማት። የታች ሰው በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንደ ሕፃን ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ዝምታ ነው። ሞተሩ ትንፋሹን ከቀየረ ከአልጋችን የምንነሳው ማንቂያው ከመጮሁ በፊት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ የቃል ፈተና ልፈተን የተነሳሁት።

ኦይለር ሆኜ ማርጀት አልፈለግኩም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ያንን መሰላል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ እኔ ነኝ የማውቀው። በየፈቃዱ እየተማርኩ፣ መርከብ ላይ አልጋዬ ውስጥ እያነበብኩ፣ የመሐንዲስነቱን የጽሑፍ ፈተና በሙሉ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ አንድ የቃል ፈተና ብቻ ነው። እሱን ካለፍኩ አራተኛ መሐንዲስ አድርጎ የሚወስደኝ መርከብ ተገኝቷል፤ እስከ ፈተናው ወር መጨረሻ ይጠብቁኛል። ካላለፍኩ በቃ። አንዴ ወድቄ ነበርና ሁለተኛ ከወደቅኩ ሕጉ ሁሉንም ከሀ ጀምረህ ተማር ይላል። በኔ ዕድሜ ያ ማለት ሳይነገርህ ቤትህ ግባ ማለት ነው። ባለቤቴም ቁርጡን ነግራኛለች። "መሐንዲስ ሆነህ ሂድ፤ አለዚያ ኢስትሊ መጥተህ አብረኸኝ ጨርቅ ሽጥ። ኦይለር ሆነህ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።"

መጀመሪያ የወደቅኩበትን ቀን ሳስታውሰው አሁንም ያቃጥለኛል። ኪሊማኒ፣ አንድ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መነጽር ያደረገ ሽበታም ኬንያዊ ፈታኝ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የምትጽፍ ወጣት ሴት አለች። "ተረኛ ነህ እንበል። አንድ ቤሪንግ መሞቅ ጀመረ። ምን ታደርጋለህ?" አለኝ። ቤሪንግ! ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ብረት! ስንቱን ከሞት ያተረፍኩ ሰው! ደስ ብሎኝ ተነሳሁና በእጄ ማስረዳት ጀመርኩ። "መጀመሪያ ወደዚህ ትሄዳለህ፣ እንዲህ ትነካዋለህ፣ ከዚያ እንዲህ፣ ከዚያ ይቺን እንዲህ!" ድምፄ ከፍ ሲል ወጣቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። "እንዲህ" ባልኩ በአራተኛው ይመስለኛል፣ እጄ የውሃ ብርጭቆውን መትቶ ፈታኙ ወረቀት ላይ ደፋው። ውጤቴ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ ያውቃል፤ ማስረዳት ግን አይችልም። ቅስሜ ተሰበረ። አያውቅም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ወረቀቱን አነበበችና አላጽናናችኝም። "ልክ ነው" አለች።

"ልክ ነው? አንቺም?"

"አየህ፣ አሁንም እየጮህክ ነው። ነገ ሱቅ ና።"

ሱቋ ኢስትሊ ውስጥ ነው፤ ሽቶና ጨርቅ ከሚሸጥባቸው ጠባብ መደዳዎች በአንዱ። የሞያሌ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትነግድ ያደገች፣ ሰውን በቃል ይዛ የምትመልስ። እሷ የታሰረ ጨርቅ ላይ ቁጢጥ አለች፤ እኔን ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ። "እጅህን ጭንህ ሥር አድርግና ተቀመጥበት" አለች። ተቀመጥኩበት። "ከዛሬ ጀምሮ 'እንዲህ' የሚባል ቃል ክልክል ነው። የሚሄድበት ቦታ ስም አለው፣ የሚነካው ነገር ስም አለው። ስሙን ጥራ።" ከዚያ ድምፅዋን አወፍራ "ዕጩ ሆይ፣ ለመሆኑ ቤሪንግ ምንድን ነው? እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ያስረዱኝ እስቲ" አለችኝ።

አፌ ተሳሰረ። ወላሂ፣ እጄን ብትቆርጠኝ ይሻል ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ፣ ከሰዓት ደግሞ ሲቀዘቅዝ። ድምፄ ሲያይል የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን አንስታ ጉልበቴን ቸብ ታደርገኛለች። "ሰው ነኝ፤ ሞተር አይደለሁም።" እጄ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ሌላ ቸብታ። በሁለተኛው ወር መልሱን ከኔ ቀድማ ታውቀው ጀመር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ጨርቅ መርጣ ስትጨርስ ባለቤቴ ሌላ ሐሳብ ላይ ነበረችና "መጀመሪያ የዘይቱን ግፊት ማየት ነው" አለቻት። ሴትዮዋ ደንግጣ ጨርቁን አስቀመጠች። እኔ እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ ባለቤቴ ግን ስቃ ስታበቃ "አየህ፣ ለኔም ገብቶኛል ማለት ነው። ስለዚህ ማስረዳት ትችላለህ" አለች። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ተስፋ ያደረግኩት።

የፈተናው ቀን ሱሪዬን ራሷ ተኮሰችልኝ። በሩ ላይ ዱዓ አደረገችልኝና "እጅህን አስቀምጥ፤ ድምፅህን አስቀምጥ። የቀረውን ታውቀዋለህ" አለች። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ እስከ ከተማ ድረስ እጄ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ እጄ ደንዝዞ ኪሴን አጣሁት።

ያው ክፍል፣ ያው ሽበታም ፈታኝ፣ ያቺው ጸሐፊ። ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ከኋላ መስኮቱ ጋ ወስደውታል። አየሁትና ተናደድኩ። ጥያቄውም ያው ነበር። "ቤሪንግ መሞቅ ጀመረ።" እጄን ጭኔ ሥር ከተትኩና ባለቤቴ እንዳስተማረችኝ በቀስታ ጀመርኩ።

"አይሰማም" አለኝ ፈታኙ።

ጨመር አደረግኩ።

"አሁንም አይሰማም።"

ጉድ ፈላ! ሦስት ወር ሙሉ ቀንስ ስባል ከርሜ አሁን ጨምር! መሃሉን ከየት ላምጣው? ጨመርኩ ስል ጮህኩ፤ የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ደነገጥኩ። ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ፤ የሱቁ ትምህርት ብን አለ። ፈታኙ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሰዓቱን አየ። ያቺን ዓይነት አስተያየት አውቃታለሁ። አለቀልኝ አልኩ፤ ዓይኔ ላይ የመጣብኝ የታሰሩት ጨርቆችና ዱካው ናቸው።

ያኔ መብራት ጠፋ። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ እየዘገየ ቆመ። ጸሐፊዋ "ስቲማ ሄደ" ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ትንሽ ቆይቶ ከምድር ቤት ያለው ጄኔሬተር ተነሳ፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ፈታኙ "እንቀጥል" አለኝ።

እኔ ግን እየሰማሁት አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ወለሉ ይነግረኛል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይይዛል፣ ይለቃል።

"ይቆማል" አልኩ።

"ምኑ?"

"ጄኔሬተራችሁ። ከናፍጣው ጋር አየር እየሳበ ነው። አምስት ደቂቃም አይቆይ።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እግሬ ነገረኝ።"

ጸሐፊዋ ሳቀች። ፈታኙ አልሳቀም፤ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ካልሲዬን አየ። ሳይቃና ጄኔሬተሩ አንዴ አነቀውና ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውዬው ቀና ብሎ "ና፣ እንውረድ" አለ። በካልሲዬ ተከተልኩት።

ምድር ቤት ዘበኛው ባትሪ ይዞ ቆሟል። ትናንት ፉንዲ መጥቶ ፊልተር እንደቀየረ ነገረን፤ መካኒኩን ነው። በቃ፣ ገባኝ። ፈታኙ በሩ ላይ ቀረ፤ እኔ ኮቴን አውልቄ ለዘበኛው ሰጠሁትና ገባሁ። የናፍጣውን መስመር በእጄ ጀርባ ከታንከሩ ጀምሬ ተከተልኩት። ፊልተሩ ጋ ስደርስ እጄ ረጠበ። ማሸጊያው በደንብ አልተቀመጠም። ፈታሁ፣ አስተካክዬ አሰርኩ፣ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አደረግኩና በእጅ ፓምፑ ናፍጣውን ገፋሁት። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ገፋሁ፤ አረፋው ቀነሰ፤ ገፋሁ፤ ንጹሕ ናፍጣ ወጣ። ብሎኗን አጠበቅኩና "አስነሳው" አልኩት ዘበኛውን። ተነሳ። እጄን ጎኑ ላይ አደረግኩ። ትንፋሹ አንድ ዓይነት ነው። እሰይ! አሥራ አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተመልሶ መጣልኝና ደረቴ ሞላ።

አለፍኩ ብዬ ነው ደረጃውን የወጣሁት። ፈታኙ ግን ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና ወረቀቱን አቀና። "እኔ በር ላይ ነበርኩ። ምንም አላየሁም" አለ። "መርከብ ላይ ለአለቃህ ሪፖርት የምታደርገው በቃል ነው። ምን ሆነ? ምን አደረግህ? ለምን?"

ደሜ ፈላ። ልጮህበት ነበር። እጄን ላነሳ ስል ግን አየሁት፤ እስከ አንጓዬ ጠቁሯል፣ ናፍጣ ያንጠባጥባል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ጭኔ ላይ ደግሞ ባለቤቴ የተኮሰችው ሱሪ አለ። ሁለቱንም ባበላሽ ቤት አልገባም። ዘበኛው የሰጠኝን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘረጋሁና እጆቼን እላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አልተነሱም፤ ሥራቸውን ጨርሰዋላ።

አፌ ተፈታ። ፈታኙን ረስቼ ለእሷ ነው ያወራሁት፤ የታሰረው ጨርቅ ላይ ቁጢጥ ብላ "እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ያስረዱኝ" ለምትለኝ። ድምፁ ለምን ከፍና ዝቅ እንዳለ ተናገርኩ። አየር ከየት እንደገባ፣ ከየት ጀምሬ ለምን እንደፈለግኩት፣ አረፋው ምን እንደነገረኝ፣ ብሎኗን መቼ እንደማጠብቅ፣ ሁሉንም በስሙ ጠራሁት። "እንዲህ" አንድም ጊዜ አላልኩም። ከሥር ጄኔሬተሩ ደህና አድርጎ ያጉረመርማል፤ ድምፄን ከሱ ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ያጣሁት መሃል እዚያ ነበር።

"ቤሪንጉስ?" አለኝ።

እሱንም ነገርኩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በእጄ ጀርባ እንደምነካው ስነግረው "ለምን በጀርባው?" አለ። ስለ ፊሊፒናዊው ሽማግሌ ነገርኩት፤ መዳፍ እንደሚጨብጥ፣ የእጅ ጀርባ እንደሚሸሽ። ፈታኙ መጻፉን ተወ። ቀኝ እጁን ዘረጋና መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከጣቶቹ ሥር እስከ አንጓው የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

"ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም" አለ።

እሱም ታች የነበረ ሰው ነው። እንባዬ መጣ፤ እጄ ጥቁር ስለሆነ መጥረግም አልቻልኩም።

ፈረመ። ወረቀቱን ወደኔ ሲገፋ "ይህ ለጄኔሬተሩ አይደለም። ጄኔሬተር ፉንዲም ይሠራል። ይህ ስላስረዳኸኝ ነው" አለኝ። በወረቀቱ ዳር አሻራዬ በናፍጣ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሂዱና እዩት።

እጄን ታጥቤ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ መንገድ ዳር ወጥቼ ሱቅ ላለችው ባለቤቴ ደወልኩ። ኢስትሊ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማታቱ ጡሩምባ፣ ጋሪ ገፊ፣ በድምፅ ማጉያ የሚለፈፍ ቅናሽ።

"አለፍኩ" አልኳት፣ ባስተማረችኝ ድምፅ።

"ምን?"

"አለፍኩ እኮ ነው የምልሽ።"

"አይሰማም! ምን ሆንክ? አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ነው እንዴ ድምፅህ የጠፋው? ልቤን አታቁመው፤ ኧረ ጩህ!"

ከታች፣ ከሆዴ ትንፋሽ ሳብኩ።

"አለፍኩ! መሐንዲስ ሆኛለሁ!"

የበሩ ዘበኛ ከወንበሩ ዘለለ። ፌርማታው ላይ የቆሙት ሰዎች በሙሉ ዞሩ። በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ "አልሐምዱሊላህ" የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የእሷ እልልታ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ካሉት ሱቆች የሴቶች እልልታ ተከታትሎ ደረሰ። ሞተር የበላው ጆሮዬ አንዱንም አላመለጠውም። ሲበርድላት ለቅሶና ሳቅ በቀላቀለ ድምፅ "እስቲ ድገመው" አለችኝ። "ጮክ ብለህ፤ መደዳው ሁሉ ይስማው።"

ደገምኩት።